ግሽበት ቀነሰ ሲባል ዋጋው ለምን አይወርድም? ከእነማይ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ «በምሥራቅ ጎጃም፣ እነማይ ወረዳ መምህርት ነኝ። አባቴ ጤፍ ያርሳሉ። የጤፍ ዋጋ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የቤታችን ኑሮ ግን የድሮውን ያህል እንኳ አልሆነም። ሬዲዮው ግሽበት ቀነሰ ይላል፤ ቢቸና ገበያ ስወጣ ግን የቀነሰ ነገር አላየሁም። ማን ነው የሚዋሸው? ባንክ ወለድ ጨመረ አልጨመረ ለገበሬ ምን ይፈይዳል? ደግሞስ አባቴ ጤፉን አሁን ይሽጡት ወይስ ያቆዩት?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ አባት ትዝ አሉኝ። እኔም የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ኋላ ነው፤ ግሽበትን ያወቅሁት ግን እዚያው ቤታችን ነው። አባቴ የሣር ቤታችንን ቆርቆሮ ሊያለብሱ አንድ ወይፈን ሸጡ። እንጨቱ ስላልደረሰ ገንዘቡን ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበትና ለከርሞ አቆዩት። በዓመቱ ገበያ ሲወርዱ ያው ገንዘብ ለግማሹ ጣሪያ እንኳ አልበቃም። አንድ ብር አልጎደለም፤ ሦስት ጊዜ ቆጠሩት። ነጋዴው ሌባ ነው ብለው እንዳመኑ አረፉ። ብር ሳጥን ውስጥ ቁጭ እንዳለ ሊያልቅ እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የአንቺን ጥያቄ በሁለት መስመር ማለፍ አልሆነልኝም።

ከቃሉ ልነሳ። ቃሉን አባትሽ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ጤፍ ጋሸበ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጠይቂያቸው። ዩሪያ የበዛበት ማሳ ነሐሴ ላይ ለዓይን ያምራል፤ ይረዝማል፣ ይለመልማል። ኋላ ዝናብና ነፋስ ሲመታው ራሱን መሸከም ያቅተውና ይተኛል። ቁመቱ ጨመረ እንጂ ፍሬው አልጨመረም፤ እንዲያውም መሬት የነካው ይበላሻል። የኢኮኖሚውም ግሽበት ይኸው ነው። በብር ሲለካ ሁሉም ነገር ይረዝማል፦ የጤፉ ዋጋ፣ የቤት ኪራዩ፣ ደመወዝሽ፣ የወረዳው በጀት። በዚያ ብር የሚገዛው ነገር ግን አብሮ አያድግም። የአንድ ዕቃ ዋጋ ብቻ ሲወደድ ያ ውድነት ነው፤ በርበሬ በረዶ መትቶት ሊወደድ ይችላል። ግሽበት የምንለው የሁሉም ነገር ዋጋ በአንድነትና ሳያቋርጥ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ከዕቃው ይልቅ መጠርጠር ያለበት ብሩ ነው።

አሁን ወደ ሬዲዮው እንመለስ። ማንም አልዋሸሽም፤ ዜናውና ገበያው የሚያወሩት ስለተለያዩ ነገሮች ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ አይሱዙ አስቢ። ሽቅቡ ሲከብደው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ቀነሰ ማለት ግን ወደ ወንዙ ተመልሶ ወረደ ማለት አይደለም። አሁንም እየወጣ ነው። ሬዲዮው የሚነግርሽ የአቀበቱን ፍጥነት ነው፤ አንቺ ገበያ ላይ የምታይው የደረሰበትን ከፍታ ነው። በቁጥር እንየው፦ ባለፈው ዓመት 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ጨምሮ 130 ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 14 በመቶ «ቀነሰ»፤ ዕቃው ግን 148 ብር ደረሰ። ዜናው እውነት ነው፤ የአንቺም ምሬት እውነት ነው።

የአገራችን ቁጥር ይህንኑ ይመስላል። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ዓመታዊው ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. አማካዩ ከ30 በመቶ አለፈ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም በ14 በመቶ የሚጨምር ዋጋ በአምስት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። (70ን ለግሽበቱ ቁጥር ብታካፍይ ዋጋ እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት በግርድፉ ታገኛለሽ። ለተማሪዎችሽም ብታስተምሪው ጥሩ ነው።) ሌላም ነገር አለ፤ የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚለካው የመላ አገሪቱን አማካይ ሸማች ቅርጫት፣ ማለትም እሱ የሚገዛቸውን ነገሮች ዋጋ ነው። የአንቺ ቤት ቅርጫት ውስጥ ዘይት፣ ሳሙና፣ የታክሲና የልጆች ደብተር ከበዛ፣ የአንቺ ግሽበት ከሬዲዮው ሊበልጥ ይችላል።

«ታዲያ ዋጋው ለምን አይወርድም?» ትይኝ ይሆናል። መንግሥታት ግሽበትን ማዘግየት እንጂ ሁሉንም ዋጋ ወደ ኋላ መመለስ አይፈልጉም፤ ለዚህም ምክንያት አላቸው። በ1994 ዓ.ም. የሆነውን የቡሬና የሜጫ በቆሎ ገበሬዎች አይረሱትም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ምርቱ ጥሩ ሆነና የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ለከተሜው ደስታ ነበር። ገበሬው ግን ማዳበሪያውን የወሰደው በዱቤ፣ በድሮው ዋጋ ነው፤ ዕዳው አልወረደም፣ የሚከፍልበት እህል ብቻ ረከሰ። ብዙ ሰው ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በተከታዩ ዓመትም ማዳበሪያ የሚወስደው ቀነሰ። ዕዳ ባለበት አገር ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው ይከብዳል።

ግሽበት ከየት ይመጣል? ከብሩ በኩል እና ከዕቃው በኩል ይመጣል፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አንድ ላይ።

የብሩን ለመረዳት በጎጃም ከየጁቤ ከተማ አጠገብ ስለነበረው የባሶ ገበያ የሚነገረውን አስታውሺ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴና የጎጃም ሰው እዚያ ሲገናኙ አንዱ መገበያያቸው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣል። በአንድ ጠገራ ብር የሚመነዘረው አሞሌ ታዲያ እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያይ ነበር። ከጨው ምድር በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ክረምት ገብቶ ሲራራ ነጋዴ ሲቀር ይወደዳል፤ በበጋ ጭነቱ በብዛት ሲገባ ይረክሳል። አሞሌ ሲረክስ ማርም፣ ቡናም፣ ሰንጋም በአሞሌ ሲቆጠር ይወደዳል። ማሩ አልተለወጠም፤ መለኪያው ነው የተለወጠው። የዛሬው ብር ከአሞሌ የሚለየው ለመጫን ግመል የማያስፈልገው በመሆኑ ነው። መንግሥት ገቢው ከወጪው ሲያንስ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ከተበደረ፣ ወረቀት እንኳ ሳይታተም በመዝገብ ላይ በሚጻፍ ቁጥር አዲስ ብር ይፈጠራል። ያ ብር ለመንገድ ሥራም ሆነ ለጦርነት ወጥቶ ገበያ ይገባል፤ የሚጠብቀው ጤፍና ሲሚንቶ ግን ያው የድሮው ነው።

የዕቃው በኩል ደግሞ አንቺ በዓይንሽ የምታይው ነው። ማዳበሪያው ሙሉ በሙሉ ከውጭ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። የዩክሬን ጦርነት በተነሳበት ወቅት የዓለም ዋጋው ሲሰቀል ጎጃም ድረስ ተሰማ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ መንግሥት ለማዳበሪያ ድጎማ ባያደርግ ኖሮ ጭማሪው ሁሉ በገበሬው ላይ በወደቀ ነበር። የመንገዱ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ሲነሳና መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቢቸና ላይ ጤፍ ይረክሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ይወደዳል። አምራቹም በላተኛውም በአንድ ቀን ይከስራሉ። ለዚህ ምንም ዓይነት የባንክ ወለድ መድኃኒት አይሆንም፤ መድኃኒቱ ሰላምና የተከፈተ መንገድ ነው። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

አሁን የአባትሽ ጉዳይ። ጤፍ እጥፍ ከሆነ ለምን አልበለጸጉም? በመጀመሪያ የሚሸጡበትን ወር ተመልከቺ። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ጥርና የካቲት ላይ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የዕድር፣ የልጆች ወጪ በአንድ ላይ ይመጣል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሳምንት ይሸጣል፤ ዋጋው የዓመቱ ዝቅተኛ ይሆናል። ዋጋው ጣሪያ የሚነካው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ያን ጊዜ ጤፉ ያለው ነጋዴው መጋዘን ነው፣ አባትሽም በቆሎ ወይም ዳጉሳ ገዥ ይሆናሉ። ሬዲዮው የሚጠራው ትልቁ የጤፍ ዋጋ አባትሽ የሸጡበት ዋጋ አይደለም።

ከዚያ የሚገዙትን ተመልከቺ። መጠየቅ ያለበት «ኩንታሉ ስንት ብር ገባ» ሳይሆን «አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ኩንታል ዩሪያ፣ ስንት ሊትር ዘይት፣ ስንት ቆርቆሮ ይገዛል» የሚለው ነው። ጤፉ እጥፍ ሆኖ ዩሪያው ሦስት እጥፍ ከሆነ ገበሬው ደህይቷል፤ ብሩ ግን ከድሮው ይበልጣል። አባትሽ ይህን በልባቸው ያውቁታል። እርስዎ ጎልማሳ ሳሉ አንድ በሬ በስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር፣ ዛሬስ በስንት? ብለሽ ጠይቂያቸው። ከየትኛውም የመንግሥት ሰነድ የተሻለ መለኪያ ያ ነው።

ሦስተኛው የአባቴ ሳጥን ነው። ባንክ ቢያስቀምጡትስ? ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። 10,000 ብር በዓመቱ 10,700 ይሆናል፤ ግሽበቱ 14 በመቶ ከሆነ ግን ይህ 10,700 ብር የሚገዛው ያኔ በ9,400 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ከሳጥኑ ይሻላል፤ ግን አሁንም መሸርሸር ነው። ዕቁብም ላይ ይኸው አለ፤ ሰው ብዙም አያስተውለውም። የዓመት ዕቁብ ውስጥ መጀመሪያ የወጣለትና መጨረሻ የወጣለት እኩል ብር ይወስዳሉ፤ እኩል ዕቃ ግን አይገዙም። በ14 በመቶ ግሽበት የመጨረሻው ሰው ገንዘብ 12 በመቶ ያህል ሳስቶ ይደርሰዋል። ዕቁባችሁ ረጅም ከሆነ አሳጥሩት፤ ወይም ቀድሞ የወጣለት ለኋለኛው ትንሽ እንዲጨምር ተስማሙ።

ወለዱ ለገበሬ ምን ይፈይዳል ላልሽው፣ መጀመሪያ አሠራሩን። ማዕከላዊ ባንኩ (በእኛ አገር ብሔራዊ ባንክ) ወለድ ሲጨምር ባንኮችም ብድር ያስወድዳሉ። ተበድሮ 500 ኩንታል ሰብስቦ ዋጋ እስኪወጣ ሊጠብቅ ያሰበው ነጋዴ ሁለቴ ያስባል፤ ፎቅ ሊጀምር የነበረው ያዘገያል፤ የሚሯሯጠው ብር ሲቀንስ ዋጋም ሩጫውን ይቀንሳል። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ግን መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ግሽበት ከ14 በመቶ አልፎ ነበር። የማዕከላዊ ባንኩ ኃላፊ ፖል ቮልከር ወለዱን ወደ 20 በመቶ ገደማ አደረሰው። ግሽበቱ በ1983 ከ4 በመቶ በታች ወረደ፤ በመሐሉ ግን ሥራ አጥነት ከ10 በመቶ በላይ ወጣ። ብድር ያጡ ቤት ሠሪዎች ለተቃውሞ የእንጨት ቁራጭ በፖስታ ይልኩለት ነበር፤ ዕዳ የከበዳቸው ገበሬዎችም ትራክተራቸውን እስከ ማዕከላዊ ባንኩ ደጃፍ ነድተው አቆሙ። ቱርክ ተቃራኒውን ሞከረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ዋጋ እየናረ ወለድ ቀነሰች። በጥቅምት 2022 በይፋ የታወቀው ግሽበት ከ85 በመቶ አለፈ። ኋላ ወለዱን 50 በመቶ ድረስ ለመስቀል ተገደደች።

በእኛ አገር የወለዱ ገመድ አጭር ነው። ከባንክ የሚበደረው የከተማው ነጋዴና ድርጅት ነው፤ የእነማይ ገበሬ ከማኅበሩና ከጎረቤቱ ነው የሚበደረው። የዋጋ መለኪያው ከግማሽ በላይ ምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ ከወለድ ይልቅ ዝናብን ይሰማል። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያወጣው የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ (ለሌሎች ባንኮች ወለድ መነሻ የሚሆነው) ብቻውን ይህን ያህል ሠራ ብዬ አላምንም። በእኔ ግምት ቁም ነገሩ የተሠራው ከዚያ በፊት፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው፦ ባንኮች በዓመት ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ተገደቡ (ጣሪያው ኋላ ላልቷል)፤ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚወስደው ቀጥታ ብድር ደግሞ ከቀደመው ዓመት አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ተወሰነ። የማሳውን ዩሪያ መቀነስ ማለት ይህ ነው። ብሩ ከዶላር አንጻር በተዳከመበት ዓመት ብዙዎች የፈሩት የዋጋ ፍንዳታ ያልመጣው በከፊል ለዚህ ነው፤ በከፊል ደግሞ ነጋዴው ዕቃውን ቀድሞውንም በጥቁር ገበያ ዶላር እየተመነ ይሸጥ ስለነበር። ለአባትሽ ያለው ጥቅም እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ባንክ ባይበደሩም የወይፈናቸው ገንዘብ ሳጥን ውስጥ የሚቀልጥበት ፍጥነት ይቀንሳል።

የዋጋ ጣሪያ ቢደነገግስ? ተሞክሯል። በ2003 ዓ.ም. ለዘይት፣ ለስኳር፣ ለሥጋና ለሌሎችም ሸቀጦች ጣሪያ ተቀምጦ ነበር። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ በወራት ውስጥ ለአብዛኞቹ ተነሳ። በጤፍ ላይ ይደረግ የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ፣ የሚከፍለው አባትሽ እንደሚሆኑ ንገሪው።

ስለ ደመወዝሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን መምህርት ነሽና ዝም ማለት አልፈለግሁም። ከሁሉም ሰው ግሽበት አጥብቆ የሚይዘው ደመወዝተኛውን ነው። ገበሬ እህሉን፣ ነጋዴ ዕቃውን ይተምናል፤ መምህር ደመወዙን አይተምንም፤ ተተምኖ ይሰጠዋል፣ ያውም ዘግይቶ። «ደመወዝ ከተጨመረ ዋጋ ይንራል» የሚለው አባባል በከፊል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። ጭማሪው በታክስ ገቢ ከተሸፈነ ብሩ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልበዛም፤ በአዲስ በተፈጠረ ብር ከተሸፈነ ግን በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው ይወሰዳል። ስለዚህ ጭማሪ ሲታወጅ ከመጠኑ ቀጥሎ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ።

ይሽጡት ወይስ ያቆዩት? ጤፍ ነቀዝ የማይደፍረው እህል ነው፤ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ጎተራ ውስጥ ከዓመት ዓመት ይቆያል፣ በቆሎ ግን አየር የማያስገባ ከረጢት ካላገኘ ይነቅዛል። ስለዚህ በቆሎው ቀድሞ ይውጣ፤ ከጤፉ ደግሞ ለዕዳና ለግብር የሚበቃውን ብቻ አሁን ይሽጡ። የቀረውን በሦስት ከፍለው አንዱን ሚያዝያ፣ አንዱን ሰኔ፣ አንዱን ነሐሴ ላይ ቢያወጡ እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ ጠብቆ ሁሉንም መሸጥ ቁማር ነው፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም ዝናቡ አምሮ የከርሞው ሰብል ተስፋ ቢሰጥ ዋጋው ላይወጣ ይችላል። ተበድሮ ማቆየት ካለ ስሌቱ ይህ ነው፦ ዛሬ 100 የሚያወጣው ጤፍ በስድስት ወር 120 ይሆናል ብለው ከገመቱ፣ የስድስት ወሩ ብድር ወለድ 10 ቢሆን ማቆየቱ ያዋጣል፤ 20 ከደረሰ ይሽጡት። የሸጡበትንም ብር ማዳበሪያው እስኪመጣ እንደያዙ አይጠብቁ። ማኅበሩ ቀድሞ የሚቀበል ከሆነ ቅድሚያ ክፍያውን ዛሬውኑ ይክፈሉ፤ ካልሆነ ጠቦት ይግዙበት። እሱ እንኳ ሣር እየጋጠ ይጨምራል።